የራሳቸውን ከሰው የለዩ ጸሐፊ፦ አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ

 

ዛሬ በአንድ ጥያቄ እንጀምር። እስከ ዛሬ በስማችሁ ያስረከባችሁትን ጽሑፍ ሁሉ፣ አሳይመንቱንም የመመረቂያ ጽሑፉንም፣ በአንድ ወረቀት ላይ ዘርዝሩ ብትባሉ ከእያንዳንዱ ጎን የእኔ ነው ብላችሁ ለመፈረም ትደፍራላችሁ? ስንቱ ከጓደኛ የተገለበጠ፣ ስንቱ ከኢንተርኔት የተለጠፈ፣ ስንቱስ በኤአይ የተጻፈ ይሆን?

ከአንድ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት አንድ ሙስሊም ዓሊም ይህን ዝርዝር ጽፈውታል። እሳቸውም አቡ ረይሓን ሙሐመድ ኢብን አሕመድ አል-ቢሩኒ ናቸው፣ አላህ ይዘንላቸው።

አል-ቢሩኒ የተወለዱት በ362 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ973) ኸዋሪዝም ውስጥ፣ በካስ ከተማ ዳርቻ ነው። አገሩ ዛሬ ኡዝቤኪስታን ውስጥ ይገኛል። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ኸዋሪዝምኛ ነበር። በዚያ ቋንቋ ግን የዒልም ኪታብ አይጻፍም ነበርና ዐረብኛን ተምረው፣ አብዛኛውን ሥራቸውን በዐረብኛ ጻፉ። በሂሳብና በሥነ ፈለክ ያስተማሯቸው አቡ ነስር መንሱር ኢብን ዒራቅ ይባላሉ፤ ከአገሩ ገዢ ቤተሰብ የተገኙ ዓሊም ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ995 በኸዋሪዝም የሥልጣን ጦርነት ተነሳና የአስተማሪያቸው ቤተሰብ ከዙፋኑ ወረደ። ወጣቱ አል-ቢሩኒ በ22 ዓመታቸው አገራቸውን ጥለው ተሰደዱ። ስደትም ድህነትም አየቻቸው። ዒልምን ግን አልተዉም። ወደ ካስ ተመልሰው ሳለ፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 24 ቀን 997 የጨረቃ ግርዶሽ ነበር። አል-ቢሩኒ በካስ፣ ታላቁ የሂሳብ ሊቅ አቡልወፋ ደግሞ በባግዳድ ሆነው ያንኑ ግርዶሽ ተከታተሉ። ግርዶሹ በሁለቱ ከተሞች የታየበትን ሰዓት በማነጻጸር፣ ከተሞቹ በምሥራቅና በምዕራብ ምን ያህል እንደሚራራቁ አሰሉ። ስልክ በሌለበት ዘመን ሁለት ዓሊሞች ሰማዩን ሰዓት አድርገው አብረው ሠሩ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ በጁርጃን ከተማ ተቀምጠው፣ በ27 ዓመታቸው ገደማ፣ ስለ ሕዝቦች የዘመን አቆጣጠርና በዓላት የሚያትተውን አል-አሳሩል ባቂያ የተሰኘ ኪታባቸውን ጻፉ። ዛሬም ድረስ ተመራማሪዎች ይጠቀሙበታል።

እ.ኤ.አ. በ1017 ሱልጣን ማሕሙድ ኸዋሪዝምን ያዘና ዓሊሞቹን ወደ መዲናው ጋዝና፣ ወደ ዛሬዋ አፍጋኒስታን ወሰዳቸው። አል-ቢሩኒም ከተወሰዱት አንዱ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት፣ በኦክቶበር 1018፣ ካቡል አቅራቢያ ባለች መንደር ሳሉ የፀሐይን ከፍታ መለካት ፈለጉ። በእጃቸው ግን አንድም መሣሪያ አልነበረም። የሂሳብ መሥሪያ ሰሌዳቸውን ገለበጡ፣ በጀርባው ላይ የክብ ሩብ ሥለው በዲግሪ ከፋፈሉት፣ ቱምቢ አንጠለጠሉበትና ለኩ። ላፕቶፕ ስለሌለኝ፣ ኔትወርክ ስለጠፋ እያልን ለምናዘገይ ለእኛ ይህች ሰሌዳ ትበቃናለች።

በዚያን ጊዜ ሲያዘጋጁት የነበረው ኪታብ በከተሞች መካከል ያለውን ርቀት የሚወስን ነው። በውስጡም የጋዝናን ቂብላ በትክክለኛ ስሌት ለማግኘት ደከሙ። ሰጋጅ ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር ለማወቅ የምድርን ቅርጽና ስፋት ማወቅ ያስፈልጋልና፣ ለእሳቸው የሂሳብ ዒልምና ዒባዳ የተራራቁ አልነበሩም።

የምድርን ስፋትም ለኩ። ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ በሚገኘው በናንዳና ምሽግ፣ ሰፊ ሜዳ ቁልቁል የሚያይ ተራራ አገኙ። በመጀመሪያ የተራራውን ከፍታ ለኩ። ከዚያ ጫፉ ላይ ወጥተው፣ ሰማይና ምድር የሚገናኙበት መስመር ከዓይን ትይዩ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ለኩ። ከነዚህ ሁለት ልኬቶች ተነስተው የምድርን ግማሽ ስፋት በስሌት አወጡ። የደረሱበት ቁጥር ዛሬ ከሚታወቀው ጋር በጣም ይቀራረባል።

ሱልጣኑ ወደ ህንድ ሲዘምት እሳቸው ዒልም ፍለጋ ሄዱ። በጎልማሳነታቸው ሳንስክሪት ተማሩ፣ ከሂንዱ ሊቃውንት ጋር ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ1030 ገደማ ባጠናቀቁት የህንድ ኪታባቸው ውስጥ የሂንዱዎችን እምነት፣ ሕግና ሥነ ፈለክ ከራሳቸው መጻሕፍት እየጠቀሱ አቀረቡ። በእምነቱ አይስማሙም ነበር፤ ሆኖም ያላሉትን አሉ ብለው አልጻፉባቸውም። የሱልጣኑ ዘመቻ አገሩን እንዳወደመና ሊቃውንቱን እንደበተነም ሳይሸሽጉ አሰፈሩ። የሚኖሩት ግን በዚያው ሱልጣን ቤተ መንግሥት ሥር ነበር።

እህቶቼ፣ ይህንንም ልብ በሉ። የሥነ ፈለክ መማሪያ የሆነውን አት-ተፍሂም የጻፉት ረይሓና ቢንት አል-ሐሰን ለምትባል ሴት ነው። በጥያቄና መልስ መልክ፣ ከሂሳብ መሠረት ጀምረው ደረጃ በደረጃ አስረዱባት።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንመለስ። በ427 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ1036 ገደማ) አንድ ሰው የታዋቂውን ሐኪም የአቡ በክር አር-ራዚን መጻሕፍት ዝርዝር ጠየቃቸው። አል-ቢሩኒ ራዚ ስለ ሃይማኖት የያዘውን አቋም አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። ይህንንም ተናገሩ። ቢሆንም 184 ሥራዎቹን በየመስኩ ለይተው አንድ በአንድ መዘገቡለት። ያልወደዱትን ሰው ሥራ አላጎደሉም።

ከዚያም የራሳቸውን ዝርዝር አከሉ። ያኔ በሂጅራ አቆጣጠር 65 ዓመታቸው ነበር። በዝርዝሩ ላይ 113 ሥራዎች ሰፈሩ፤ ያላለቁትን አላለቁም ብለው ጻፉ። ቀጥሎ ለብቻው 25 ሥራዎች መጡ። እነዚህን ሌሎች ሰዎች በእሳቸው ስም የጻፉላቸው ናቸው። ከጸሐፊዎቹ መካከል የቀድሞ አስተማሪያቸው አቡ ነስር አሉበት። አል-ቢሩኒ 138 ብለው አንድ ላይ ቢደምሩት ቁጥሩ ያምር ነበር። እሳቸው ግን የእያንዳንዱን ጸሐፊ ስም ጠርተው ሐቁን ለባለቤቱ መለሱ።

ለሱልጣን መስዑድ ያበረከቱት አል-ቃኑን አል-መስዑዲ አሥራ አንድ ክፍል ያለው ትልቅ የሥነ ፈለክ ሥራ ነው። ሱልጣኑ ዝሆን የተሸከመው ብር ላከላቸው፣ እሳቸው ግን አያስፈልገኝም ብለው ወደ ግምጃ ቤቱ መለሱት ተብሎ ይተረካል። በኋላም ስለ ከበሩ ድንጋዮችና ማዕድናት ጻፉ። በእርጅናቸው ዓይናቸውና ጆሯቸው ሲደክም፣ በአንድ ሐኪም እየታገዙ ስለ መድኃኒቶች አስ-ሰይደና የተባለውን ኪታብ አዘጋጁ።

ስለ መጨረሻቸው የሚተረከው ታሪክ ደግሞ ልብ ይነካል። አንድ የፊቅህ ዓሊም ሊጠይቋቸው ገቡ። አል-ቢሩኒ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ሳለ፣ በእናት በኩል ስላሉ አያቶች ውርስ ቀደም ሲል ያነሱትን ነጥብ እንዲያስረዷቸው ጠየቁ። እንግዳው አዘኑላቸውና በዚህ ሁኔታ ላይ ሆነው ነው ወይ አሉ። አል-ቢሩኒም ጉዳዩን ሳያውቁ ከዱንያ ከመውጣት አውቀው መውጣት እንደሚሻል ነገሯቸው። እንግዳው አስረዱ፣ አል-ቢሩኒም ደግመው ቃላቸው ላይ ያዙት። ዓሊሙ ከቤት ወጥተው መንገድ ላይ ሳሉ የለቅሶውን ድምፅ ሰሙ።

ወንድሜ፣ እህቴ፦ ያቺ የመጨረሻ ጥያቄ ማርክ የላትም፣ ሰርተፍኬት የላትም፣ ማንም አያጨበጭብላትም። አንድ ሰው ዒልምን ለምን እንደሚፈልግ የሚታወቀው እንዲህ ባለች ሰዓት ነው። የሌላ ሰው ድካም በስማችን ስናስረክብ አስተማሪው ላያውቅ ይችላል። ውጤቱም ያምር ይሆናል። በውስጣችን ግን የተጨመረ ዒልም የለም፣ ከላያችንም የሰው ሐቅ አለ። ዒልም አማና ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት የምናስረክበው ጽሑፍ ካለ፣ ትንሽም ቢሆን የራሳችን ይሁን። ከሰው የወሰድነውን ከማን እንደወሰድን እንጻፍ። ያላወቅነውን አላወቅሁም እንበል።

አላህ ጠቃሚ ዒልምን ይወፍቀን፣ ኢኽላስን ይስጠን፣ ለአቡ ረይሓንና ለቀደሙት ዓሊሞቻችን ሁሉ ይዘንላቸው። አሚን።