ባልቻ አባ ነፍሶ በእኛ ችሎት

አዲስ አበባ ውስጥ ባልቻ ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ሆስፒታሉ ነው። የስሙን ባለቤት የሚያስታውስ ቢኖርም ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚያነሳው፤ የአድዋ መድፈኛ መሆናቸውንና በስተርጅና ለጣሊያን አልገዛም ብለው መሞታቸውን። እኔም ብሆን ከዚህ ያለፈ እውቀት አልነበረኝም። እንዲያውም ይህችኑ ይዤ ሰው ፊት ተከራክሬባታለሁ።

ክርክሩ የተነሳው ጪጩ ነው። ጪጩ ከዲላ ወደ ወናጎ ሲሄዱ ብዙም ሳይርቁ የሚያገኟት የቡና አገር ናት። ቡናው ከእንሰት ጋር ተጎራብቶ፣ ሁለቱም በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላሉ፤ ይህ የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. መግቢያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። አንድ አዛውንት ቤት ቡና እየጠጣን ጨዋታው አድዋ ላይ ደረሰና እኔ ደጃዝማች ባልቻን ማወደስ ጀመርኩ። አዛውንቱ እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ከዚያ በእርጋታ አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ በጦር ሜዳ ጀግና የነበረ ሰው የጎረቤቱን ገንዘብ ወስዷል ተብሎ ቢከሰስ፣ ጀግንነቱ ዕዳውን ይከፍልለት እንደሆነ። ሕግ የተማርኩት እኔ፣ መልሱን የማውቀው እኔ፣ ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ የባልቻን ሕይወት እንደ ችሎት መዝገብ ማገላበጥ ያዝኩ።

ባልቻ ሳፎ የጉራጌ አገር ልጅ ናቸው። ምኒልክ ወደ አካባቢው በዘመቱ ጊዜ፣ ገና በልጅነታቸው፣ በጦር ሜዳ ተሰልበው ተገኙ። ከዚያ ቁስል የተረፈው ልጅ ቤተ መንግሥት አደገ፤ በችሎታውም ከፍ እያለ ሄዶ በጅሮንድ ተባለ። በ1888 ዓ.ም. በመቀሌው ምሽግ ከበባና በአድዋ የምኒልክን መድፍ ይዘው የተዋጉት እኚህ በጅሮንድ ባልቻ ነበሩ። በጊዜው ወገንና ዘር የሌለው፣ የተሰለበ እያሉ የሚያንቋሽሹዋቸው አልጠፉም። ይህ ከስህተቶች ሁሉ አሮጌው ነው፤ የሰውን ሥራ ወይም ሐሳብ መመዘን ሲያቅት ሰውየውን መዝለፍ። ሥራው ግን ተሳዳቢዎቹን አሳፈራቸው።

ከድሉ በኋላ ደጃዝማች ተብለው ሲዳሞን ተሾሙ። ያን ጊዜ ደራሳ ይባል የነበረው የዛሬው ጌዴኦም በዚሁ ግዛት ሥር ነበር። ኋላ ሐረርን ገዙ፤ በ1902 ዓ.ም. ሐረር ለወጣቱ ደጃዝማች ተፈሪ ሲሰጥ ደግሞ ወደ ሲዳሞ ተመለሱ። በመካከል የተቋረጠ ቢሆንም ስማቸው ከደቡቡ ጋር ተያይዞ እስከ 1920 ዓ.ም. ቆየ።

ለአዛውንቱ ጥያቄ መነሻ የሆነው ይህ ዘመን ነው። በገባር ሥርዓት ወታደር ደመወዝ አይከፈለውም፤ በማዕረጉ ልክ ገባር ይመደብለታል። ገባሩ እህሉን፣ ማሩን፣ ጉልበቱን ይሰጣል፤ ቤት ይሠራል፣ እንጨት ይሸከማል፣ ሚስቱም ትፈጫለች። ሥርዓቱን ባልቻ አልፈጠሩትም፤ በእርሳቸው ግዛት ብቻም አልነበረም። ነገር ግን ለረጅም ዓመታት የገዙት በእርሱ ነው። በደሉም ከእርሳቸው ጋር አልሞተም፤ በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች በባለርስቶች ላይ ሚቺሌ ላይ የተነሱት ባልቻ ከሞቱ ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው።

እንግዲህ እኔ አዛውንቱ ቤት የሠራሁት ስህተት ይህ ነበር፤ በአንድ መልካም ሥራ ብርሃን የቀረውን ሁሉ አብርቼ ማየት። ጀግና ነው፣ ስለዚህ ደግ ገዢ ነው። በችሎት ቢሆን ዳኛው ያስቆመኝ ነበር፤ የተከሳሽ መልካም ዝና ቅጣት ያቀልል ይሆናል እንጂ የተባለው ድርጊት አለመፈጸሙን አያስረዳም። ጠበቃው ቆንጆ ከለበሰ፣ ሐኪሙ እንግሊዝኛ ከቻለ፣ ፖለቲከኛው ከታሰረ ሁሉን ያውቃል የምንለውም በዚሁ ሚዛን ነው።

ወደ መዝገቡ እንመለስ። በ1920 ዓ.ም. ባልቻ የንግሥት ዘውዲቱ ታማኝ፣ የአልጋ ወራሽ ተፈሪ ደግሞ ግልጽ ተቃዋሚ ነበሩ። በተደጋጋሚ ተጠርተው በመጨረሻ በየካቲት ብዙ ሺህ ሠራዊት አስከትለው መጡ፤ ንፋስ ስልክ ሰፈሩ። ተፈሪ ያን ጊዜ 35 ዓመታቸው ነው፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ቁመታቸው አጭር። እንደሚተረከው ባልቻን ግብር ጋበዙ፤ ባልቻም በመቶዎች የሚቆጠር የታጠቀ አጃቢ ይዘው ገቡ። እርሳቸው ሲበሉና ሲጠጡ ራስ ካሣ ወደ ሰፈሩ ሄደው ለወታደሩ ጠገራ ብር እያደሉ ትጥቁን አስፈቱት፤ ወደ መጣበትም መለሱት። ባልቻ ከግብር ሲወጡ የቀራቸው አጃቢያቸው ብቻ ነበር። ሲዳሞም ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ቤተ ክርስቲያን ቢጠጉም እጃቸውን ሰጥተው ታሰሩ። ተፈሪ በመስከረም 1921 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ።

ይህን ታሪክ ስንሰማ ሁላችንም በባልቻ የዋህነት እንስቃለን። እንዴት አላወቁም እንላለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። መጨረሻውን ለሚያውቅ ሰው መንገዱ ሁሉ ቀጥ ያለ ይመስለዋል። በዚያን ዕለት ጠዋት ግን ባልቻ የሚያውቁትን ጥንቃቄ ሁሉ አድርገው ነበር፤ ሠራዊት አመጡ፣ ከከተማው ዳር ሰፈሩ፣ ግብር ሲጠሩም ብቻቸውን አልገቡም። የተጠነቀቁት ግን ከሚያውቁት አደጋ፣ ከጥይትና ከጎራዴ ነው። ብር ጦር እንደሚፈታ አላሰቡበትም። ትላንት ያሸነፈን ዘዴ ለነገም ይበቃል ብሎ ማመን የባልቻ ብቻ ችግር ቢሆን ኖሮ ስንት ነጋዴ ከኪሳራ፣ ስንት መንግሥት ከውድቀት በዳነ።

ባልቻ ከእስር ሲወጡ መነኮሱ። ጣሊያን ሲገባ ግን እንደገና ጠመንጃቸውን አነሱ፤ ዕድሜያቸው ሰባን ገደማ ሆኖ ሳለ በ1929 ዓ.ም. እየተዋጉ ወደቁ። ይህ ፍጻሜ እንዲሁ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። አንድን ሕይወት በመጨረሻዋ ገጽ ብቻ መዝነን መዝገቡን መዝጋት ግን ሌላው ስህተታችን ነው። መጨረሻው ሲያምር መሐሉን እንረሳለን፤ መጨረሻው ሲከፋም መሐሉን እንረሳለን።

ታዲያ ፍርዱ ምንድን ነው? ጀግና ወይስ ጨቋኝ? ጥያቄው ራሱ ወጥመድ ነው። ሁለት በሮች ብቻ ይከፍትና ሦስተኛውን ይደብቃል። ባልቻ በአድዋ አገር ያዳኑ፣ በሲዳሞ ገባር ያስገበሩ፣ በ1929 ለአገራቸው የሞቱ አንድ ሰው ናቸው። አንዱ ሌላውን አይሰርዝም። ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱ ማስረጃ፣ የራሱ ውሳኔ አለው።

የሚያሳስበኝ ግን የሟቹ ፍርድ አይደለም፤ እርሳቸው ከእኛ ችሎት ወጥተዋል። የሚያሳስበኝ ከአንድ ሰው ሥራ ተነስተን ወደ አንድ ሕዝብ የምንዘልለው ዝላይ ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ሲፈናቀሉ፣ ሸሽታ ያደረችውን እናት አንቺ ራስሽ ምን አጠፋሽ ብሎ የጠየቃት አልነበረም። ማንነት ማስረጃ ሆኖ ቀረበ፤ ፍርዱም ተፈጸመ። በወንጀል ሕግ ኃላፊነት የግል ነው የሚለውን መርህ አንደኛ ዓመት ላይ ስንማር ቀላል መስሎን ነበር።

ጪጩ ላይ አብረውን ቡና የጠጡ አንድ ሌላ ሰው ነበሩ። ስንለያይ ነው የነገሩኝ፤ አያታቸው ከሰሜን የመጡ ወታደር ነበሩ። የአዛውንቱ አባት ደግሞ ገባር። ሁለቱ ዛሬ በልጆቻቸው የተጋቡ ጎረቤታሞች ናቸው። የጌዴኦ ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው ሁለቱንም ወገን ሳይሰሙ አይፈርዱም፤ አዛውንቱም እኔን ያደረጉኝ ይህንኑ ነው፤ አስጨርሰው ሰሙኝ፣ ከዚያ አንዲት ጥያቄ ጠየቁኝ። የአያትየውን በደል አልረሱም፤ ለልጅ ልጁ ግን ቡናውን ያለ ክስ ቀዱለት።

ቸር ይግጠመን።