የእንፍራዙ ሊቅ ዘርዐ ያዕቆብ

ጊኒር ላይ ያደገ ሰው ሁለት ጥሪ እየሰማ ያድጋል። ጎሕ ሳይቀድ የመስጊዱ አዛን ይሰማል፤ ጥቂት ቈይቶም የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይከተላል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ ይገበያያል፥ በሠርግና በልቅሶ ይጠራራል፤ የተጠራው ጎረቤት ሃይማኖቱ ሌላ ከሆነም በእርሱ ሥርዐት የታረደ ሥጋ ለብቻው ተሠርቶ ይቀርብለታል። ልጅ ይህን ሲያይ ነገሩ የተፈጥሮ ይመስለዋል እንጂ አያስጨንቀውም። ትምህርት ቤት ገብቶ ጥቂት መጻሕፍት ከገለጠ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ በልቡ ይገባል። ሁሉም ወገን እውነቱ በእኔ ዘንድ ብቻ ነው ካለ በመካከል ሆኖ የሚፈርደው ዳኛ ማን ነው? ጥያቄውን ለታላላቆቹ ቢያቀርብ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ ቍጣ ነው፤ ስለዚህ ዝም ይላል። በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ከተቀመጥነው ወጣቶች መካከል በእግዚአብሔር እያመኑ፥ ስለ ሃይማኖት ሥርዐትና ስለ ሹማምንቱ ግን በልባቸው እየተጠራጠሩ ዝም ያሉት ጥቂቶች አይመስሉኝም።

ይህን ጥርጣሬ ከፈረንጅ መጽሐፍ ጋር የገባ አዲስ ነገር አድርገው የሚቈጥሩ አሉ። ዳሩ ግን በ1667 ተጻፍኩ በሚል አንድ የግዕዝ መጽሐፍ ውስጥ ጥያቄው ከነመልሱ ሰፍሮ ይገኛል። መጽሐፉ ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ ይባላል። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር እጽፋለሁ፤ ያለዚያ ከውጭ አገር ሊቃውንት ክርክር ጋር ሲነጻጸር ይምታታል።) አንባቢ ይህን ሊቅ ከንጉሡ ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጋር እንዳያደባልቀው አደራ እላለሁ። ንጉሡ በዐሥራ ዐምስተኛው መቶ ዓመት ሃይማኖትን በአዋጅና በቅጣት ያጸኑ ሰው ነበሩ፤ የምንነጋገርለት ሊቅ ደግሞ እንዲህ ካለው አዋጅ የሸሸ ድኻ አስተማሪ ነው። ስማቸው አንድ መሆኑ ታሪክ አንዳንድ ጊዜ የምትቀልደው ቀልድ ነው።

ስለ ሕይወቱ የምናውቀው ሁሉ ከራሱ መጽሐፍ የተገኘ ነው። እንደዚያ እንደሚለው በ1599 በነሐሴ ወር በአክሱም አቅራቢያ ከድኾች ገበሬዎች ተወለደ። የክርስትና ስሙ ዘርዐ ያዕቆብ ሲሆን ሰዎች የሚጠሩት ወርቄ እያሉ ነበር። አባቱ ትምህርት ቤት ሰደደው፤ ዳዊት ከደገመ በኋላ ዜማ እንዲማር ተደረገ። ነገር ግን ድምፁ ሸካራ ስለ ነበረ ጓደኞቹ ይሥቁበት ጀመር፤ ዜማውን ትቶ ወደ ቅኔና ወደ ሰዋስው ሄደ። በቅኔ አራት ዓመት፥ በመጻሕፍት ትርጓሜም ዐሥር ዓመት ቈየ። በተማሪነቱ ዘመን ከገደል ወድቆ ያለ ጉዳት ተነሣ። ይህን ባየ ጊዜ የገደሉን ቁመት በገመድ ለካ፤ እግዚአብሔርንም አመሰገነ። እኔ እንደሚመስለኝ የሰውየው ጠባይ በሙሉ በዚህች ታሪክ ውስጥ ይታያል። ተአምር የሚወድ ሰው ምስጋናው ላይ ያቆማል፤ የማያምንም ሰው ገመዱን ብቻ ይይዛል። እርሱ ሁለቱንም አደረገ።

ከዚህ በኋላ ወደ አክሱም ተመልሶ አራት ዓመት አስተማረ። ጊዜው ክፉ ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የሮማን ሃይማኖት በግልጽ ተቀብለው ነበር፤ በ1625 አልፎንሶ ሜንዴዝ የተባለው ፖርቱጋላዊ ጳጳስ ከገባ በኋላ ደግሞ የሮማው ሥርዐት በመላ አገሩ እንዲጸና ታዘዘ። የቀድሞው ቅስናና ጥምቀት እንደ ከንቱ ተቈጠረ፤ ጾሙና በዓሉ እንዲለወጥ ተደረገ፤ እንቢ ያለው ሸፈተ፥ የሸፈተውም ተዋጋ። ወንድም ከወንድሙ፥ አባትም ከልጁ ተለያየ።

በዚህ መካከል ዘርዐ ያዕቆብ መጽሐፍ ሲተረጕም ፍራንጆች ይህን ቃል እንዲህ ይፈቱታል፥ ግብጻውያን ደግሞ እንዲህ ይፈቱታል ይል ነበር እንጂ ይህኛው ልክ ነው፥ ያኛው ስሕተት ነው ብሎ አይፈርድም ነበር። ተማሪዎቹ ራሳቸው መርምረው እንዲለዩ ይተውላቸው ነበር። በሰላም ጊዜ እንዲህ ያለው አስተማሪ ይመሰገናል። በጦርነት ጊዜ ግን ከማንም ወገን ያልሆነ ሰው የሁሉም ጠላት ነው። ፍራንጆች የግብጻውያን ሰው ነው አሉት፤ የቀድሞው ሃይማኖት ሰዎችም ከፍራንጆች ጋር ተስማምቷል ብለው ጠሉት። በመጨረሻ ወልደ ዮሐንስ የሚባል የአክሱም ካህን ሕዝቡን ለዐመፅ ያነሣሣል ብሎ በንጉሡ ፊት ከሰሰው። ዘርዐ ያዕቆብ ወሬውን በሰማ ጊዜ የነበረችውን ሦስት ወቄት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ በሌሊት ተሰደደ።

ወደ ሸዋ ሊያልፍ ሲል ተከዜ አጠገብ ከሸለቆ ሥር አንድ ዋሻ አገኘ። አራዊት እንዳይገቡበት በድንጋይና በእሾኽ አጠረውና ሁለት ዓመት ኖረበት። አልፎ አልፎ ወደ ገበያና ወደ መንደር ሲወጣ ሰዎች ባሕታዊ መስሏቸው ምግብ ይሰጡት ነበር። የባሌ ሰው ዋሻ ሲባል ወዲያው ሶፍ ዑመርን ያስባል። ከሮቤ በስተ ምሥራቅ የወይብ ወንዝ ድንጋዩን ሰርስሮ ከ15 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ዋሻ ሠርቷል፤ እንደሚተረከውም ሼኽ ሶፍ ዑመር ከተከታዮቻቸው ጋር ተጠልለው ይጸልዩበት ነበር። የሶፍ ዑመር ዋሻ ማኅበር ሰብስቧል፤ እስከ ዛሬም ሰው ይሳለመዋል። የተከዜው ዋሻ የያዘው ግን አንድ ብቸኛ ሰው ነበር፤ ያም ሰው ከመዝሙረ ዳዊቱ በቀር ጓደኛ አልነበረውም።

ብዙ ሰው ዘርዐ ያዕቆብን የሚያስታውሰው ሃይማኖቶችን የነቀፈ ሰው አድርጎ ነው። እኔ ግን የሚበልጠው ነገር የጥርጣሬው ቅደም ተከተል ይመስለኛል። መጀመሪያ የተጠራጠረው በካህናቱ አልነበረም፤ በእግዚአብሔር ነበር። ሰዎች በእግዚአብሔር ስም ሲገዳደሉ አይቶ የሚጸልየውን ጸሎት የሚሰማው እንዳለ ራሱን ጠየቀ። ከዚህ ጕድጓድ ከሚመልሰው መንገድ በቀር ሌላ መንገድ ሊጀምር አልፈለገም። የሚሰማበትን ጆሮ፥ የሚያስብበትንም ልቡና ራሱ እንዳልፈጠረ አሰበ። እርሱን አባቱ ወለደው፥ አባቱንም አያቱ፤ ይህን የትውልድ ሰንሰለት ወደ ኋላ እየተከተለ ሄዶ ያልተፈጠረ ፈጣሪ እስኪያገኝ ድረስ አላቆመም። ለሰው ልቡና የሰጠ ፈጣሪም ልቡና የሌለው ሊሆን አይችልም ብሎ ደመደመ። ጸሎቱን ቀጠለ።

ይህን መሠረት ከጣለ በኋላ ብቻ ነው ወደ ሃይማኖቶቹ የተመለሰው። ፍራንጁን ቢጠይቁት የእኔ ይበልጣል ይላል፤ የቀድሞው ሃይማኖት ክርስቲያን፥ ሙስሊሙም፥ አይሁዱም እንዲሁ ይላሉ። ሰው ለሰው ዳኛ ሊሆን አይችልም፤ ሁሉም ከሳሽም ተከሳሽም ነውና። አብዛኛው ሰው ሃይማኖቱን የያዘው መርምሮ ሳይሆን ከአባቱ ቤት ስላገኘው ነው። ምርመራ ያደክማል፤ ሰውም ለማመን ይቸኵላል። ስለዚህ እግዚአብሔር በሰው ልብ ውስጥ ያስቀመጠው ብርሃን፥ እርሱ ልቡና ብሎ የሚጠራው፥ ዳኛ ሆኖ መቀመጥ አለበት አለ።

በዚህ ዳኛ ፊትም ሁሉንም በየተራ አቀረበ፤ ለማንም አላደላም። የኦሪትን ሕግ ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ርኵስት ናት ስለሚል ነቀፈው፤ ፈጣሪ የሰጣትን ተፈጥሮ ርኵሰት ማለት ፈጣሪን መንቀፍ ነውና። በክርስቲያኖች ዘንድ ምንኵስና ከጋብቻ ይበልጣል መባሉን አልተቀበለም። በእስልምና ደግሞ ብዙ ሚስት ማግባትንና ሰውን እንደ ከብት መሸጥ መለወጥን ተቃወመ። ከእነዚህ ፍርዶች በአንዳንዱ ዛሬም ከእርሱ ጋር የሚከራከር የሃይማኖት ሊቅ አይጠፋም፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። አንድ ነገር ግን መካድ አይቻልም፤ የሚነቅፈውን የሚነቅፈው እግዚአብሔርን ለማስከበር ነው።

በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሰው ካለቀ በኋላ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲለደስ ለቀቁ፤ በዚያው ዓመትም ሞቱ። ፍራንጆች ተባረሩ፤ ትናንት ይሳደድ የነበረውም በተራው አሳዳጅ ሆነ። ዘርዐ ያዕቆብ ከዋሻው ወጥቶ እየዞረ ሄደና በመጨረሻ በጌምድር ውስጥ እንፍራዝ ደረሰ። እዚያም ሀብቱ ከሚባል ባለጸጋ ቤት ገባ። ለአክሱም ዘመዶቹ ደብዳቤ ሊጽፍ ቀለምና ወረቀት ቢለምን ጌታ ሀብቱ የእጁን ጽሕፈት አይቶ ወደደው፤ መዝሙረ ዳዊት በዋጋ እንዲገለብጥለትና ልጆቹንም እንዲያስተምርለት አስቀመጠው። ከልጆቹ አንዱ ወልደ ሕይወት ሲሆን በቤቱ ምትኩ ይሉት ነበር።

ጥቂት ቈይቶ ከቤቱ ገረዶች አንዷን ኂሩትን ሊያገባ ፈለገ። ኂሩት ቈንጆ አልነበረችም፤ ግን ጠባየ መልካም፥ አስተዋይና ታጋሽ ነበረች። ጌታ ሀብቱ ከእንግዲህ የአንተ ገረድ ትሁን ቢለው ዘርዐ ያዕቆብ እንቢ አለ። ሚስት እንጂ ገረድ አልፈልግም፥ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው አለና የእርስዋንም ፈቃድ ጠየቀ። ዋሻ ውስጥ ሆኖ ስለ ሰው እኩልነት ማሰብ ቀላል ነው፤ የሚከለክል የለምና። ዘርዐ ያዕቆብ ግን ያሰበውን ወደ ገዛ ቤቱ አገባው። አንዲት ገረድ እመቤት ሆነች፥ ልጅም ወለዱ፤ እርሱም ከጽሕፈቱ በሚያገኘው ዋጋ ቤቱን አቆመ። ለእኔ ከመጽሐፉ ክርክር ሁሉ ይልቅ ይህ ጋብቻ ይበልጥ ያሳምነኛል።

እዚህ ላይ ከአንባቢ የማይሸሸግ አንድ ነገር አለ። መጽሐፉን ወደ አውሮጳ ያደረሰው በበጌምድር ይኖር የነበረ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ የካፑቺን መነኵሴ ነው፤ በ1850ዎቹ መጀመሪያ ለፈረንሳዊው ለአንቷን ዳባዲ ላከለት። መጽሐፉ ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ በ1904 ኤኖ ሊትማን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ግዕዙን አሳተመው። በ1920 ግን ኢጣልያዊው ኮንቲ ሮሲኒ ደራሲው ዘርዐ ያዕቆብ ሳይሆን ራሱ መነኵሴው ነው ሲል ጻፈ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ካናዳዊው ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር በ1970ዎቹ መጽሐፉ የኢትዮጵያዊ ነው ብለው በሰፊው ተከራከሩ። (ሰምነር ኢየሱሳዊ ካህን ነበሩ፤ ኢየሱሳውያን ያስነሡትን ሁከት የሚወቅስ መጽሐፍ ዋነኛ ጠበቃው ኢየሱሳዊ መሆኑ ይደንቃል።) ክርክሩ እስከ ዘመናችን ድረስ አልተቋረጠም።

እንደ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ልቤ ወደ ሰምነር ያዘነብላል። ይሁን እንጂ የልብ ማዘንበል ማስረጃ አይደለም። አገራችንን ስለምታስከብር ብቻ አንዲት ነገር እውነት ናት ብንል ዘርዐ ያዕቆብ የከሰሰንን ክስ በራሳችን ላይ ማጽናታችን ነው፤ ከአባቶቻችን ስለተቀበልን ብቻ የምናምን ሆነናልና። ደግሞስ ኮንቲ ሮሲኒ እንዳለው ቢሆን እንኳ ነገሩ ያስገርማል። እንዲያ ከሆነ የመነኵሴ ልብስ ለብሶ ሃይማኖት ሊሰብክ የመጣ ሰው ምንኵስናን የሚነቅፍ፥ ፈጣሪን ግን የማይተው መጽሐፍ በግዕዝ ጽፎ በሌላ ሰው ስም ሸሸገው ማለት ነው። በሁለቱም መንገድ በበጌምድር አንድ ሰው ይህን ሸክም ብቻውን ተሸክሞ ኖሯል።

ሸክሙን እንዴት ተሸከመው? ዘርዐ ያዕቆብ በእንፍራዝ ከሰው ጋር ሲኖር እንደ ክርስቲያን ሆኖ ይታይ ነበር፤ በልቡ ግን ያመነው በዋሻው ውስጥ ያገኘውን ፈጣሪ ብቻ ነበር። ለጌታ ሀብቱ አልነገረውም፤ ለመንደሩም አልሰበከም። ይህን ፍርሀት ነው የሚሉት አሉ። እኔ በዚህ ፍርድ ለመስማማት እቸገራለሁ። አክሱም ላይ ገና ሳይፈርድ፥ ሁለቱን ወገን እኩል በማስረዳቱ ብቻ ሊገደል ነበር። ሰው ሁሉ ወገኑን መርጦ ሰይፍ በያዘበት ዘመን ሦስተኛ ሰይፍ መምዘዝ ምን ይጠቅም ነበር? ደግሞም የጎረቤቶቹን ጸሎት አልናቀም፤ የጻፈላቸው ዳዊት እርሱም ሌሊት የሚጸልይበት ዳዊት ነበር። ቢሆንም ዝምታው ያለ ዋጋ አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ በአንድ ማዕድ ሲበላ የልቡን የሚያውቅለት ሰው አልነበረም። ዛሬ እንዲህ ያለ ዝምታ የያዘ ወጣት ሰይፍ አያስፈራው ይሆናል፤ የእናቱ ኀዘን ግን ያስፈራዋል፥ ይህም ከሰይፍ የሚቀል አይደለም።

ዝምታውን የሰበረው ተማሪው ነው። ወልደ ሕይወት ካደገ በኋላ መምህሩ የሚያስበውን እንዲጽፍለት ለመነው፤ ዘርዐ ያዕቆብም በ68 ዓመቱ፥ በ1667፥ ሐተታውን ጻፈ። የጻፈው ከእርሱ በኋላ የሚነሡ እንዲመረምሩበት እንጂ በሕይወቱ ሳለ እንዲነገርለት አልነበረም። ከዚያም በኋላ 25 ዓመት ኖሮ በ93 ዓመቱ ሞተ። ወልደ ሕይወት በመጽሐፉ መጨረሻ የመምህሩን መሞት ጽፎ ጨመረበት፤ ራሱም ሸምግሎ የራሱን ሐተታ ጻፈ።