ጠበቃው አብርሃም ሊንከን

የአብርሃም ሊንከን ስም ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ፕሬዚዳንትነታቸውንና የእርስ በርስ ጦርነቱን ነው። ከዚያ በፊት ግን ከሃያ ዓመት በላይ በጥብቅና ሥራ ኖረዋል።

እ.ኤ.አ. በ1809 በኬንታኪ ግዛት የተወለዱት ሊንከን በትምህርት ቤት ያሳለፉት ጊዜ ቢደመር አንድ ዓመት አይሞላም። ሕግን ያጠኑት መጻሕፍት እየተዋሱ በግላቸው ነው። በ1836 የጥብቅና ፈቃድ አግኝተው በተከታዩ ዓመት በኢሊኖይ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ ሥራ ጀመሩ። እርሳቸውና በየጊዜው የነበሩት ሸሪኮቻቸው ከያዟቸው ከአምስት ሺህ የሚበልጡ ጉዳዮች ውስጥ ከፍተኛው ድርሻ የዕዳ ክርክር ነበር። በኋላ የምድር ባቡር ኩባንያዎች ደንበኞቻቸው ሆኑ። ከነዚህ አንዱ ለሆነው ለኢሊኖይ ሴንትራል ትልቅ የግብር ክርክር ረትተውለት ክፍያው ስላልተፈጸመላቸው፣ በ1857 ኩባንያውን ከስሰው 5,000 ዶላር አስፈርደውበታል።

የመሣሪያን ነገር መመርመር ይወዱ ነበር። በአሸዋ ላይ የተቀመጠን መርከብ አየር በሚሞሉ ከረጢቶች ለማንሣት ለቀየሱት ዘዴ በ1849 ቁጥር 6469 የሆነውን ፓተንት አግኝተዋል። ዘዴው በሥራ ላይ ባይውልም፣ ከአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች መካከል የፓተንት ባለቤት የሆኑት እርሳቸው ብቻ ናቸው።

ይህ ዝንባሌያቸው የተፈተነው በ1855 ነው። ሳይረስ ማኮርሚክ የእህል ማጨጃ መኪና ፓተንቴን ጥሷል ብለው ጆን ማኒን 400,000 ዶላር ካሳ ጠየቁ። ክርክሩ በኢሊኖይ ይሰማል ተብሎ ስለ ታሰበ የማኒ ወገን የአገሩን ጠበቃ ሊንከንን ቀጠረ። ሊንከን ሮክፎርድ ድረስ ሄደው መኪናውን መረመሩ፤ መከራከሪያቸውንም በጥንቃቄ አዘጋጁ። ነገር ግን ጉዳዩ ወደ ሲንሲናቲ ተዛወረ። ሊንከን እዚያ ሲደርሱ በፓተንት ሕግ የታወቁት ጆርጅ ሃርዲንግና ብርቱው ተከራካሪ ኤድዊን ስታንተን ቦታውን ይዘውት አገኙ። ከሳሽ በሁለት ጠበቆች ስለ ቀረበ ተከሳሽም በሁለት እንዲወሰን ሆነ፤ የቀሩት ሊንከን ናቸው። አለባበሳቸውና አኳኋናቸው ተናቀ፤ በማዕድም የጠራቸው አልነበረም። ያዘጋጁት ጽሑፍ ሳይከፈት መቅረቱም ይነገራል።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚያው ዕለት ወደ ቤቱ በተመለሰ ነበር። ሊንከን ግን ሳምንቱን በሙሉ ከተመልካቾች መካከል ተቀምጠው ክርክሩን ተከታተሉ። የማኒ ወገን ረታ። ሊንከን ክፍያቸው በቼክ ሲላክላቸው በችሎት አልተናገርሁም ብለው መለሱት፤ ዳግመኛ ሲላክ ተቀብለው ከሸሪካቸው ከዊልያም ኸርንደን ጋር ተካፈሉት።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1857፣ ጉዳዩን በሲንሲናቲ በሰሙት በዳኛ ጆን ማክሊን ፊት በቺካጎ ቆሙ። ኤፊ አፍተን የተባለች የእንፋሎት መርከብ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ከተሠራው የሮክ አይላንድ የባቡር ድልድይ ጋር ተጋጭታ ተቃጥላ ነበር፤ ሊንከን የድልድዩ ኩባንያ ጠበቃ ነበሩ። የወንዙን ፍጥነትና የውሃውን አቅጣጫ፣ የድልድዩን ምሰሶዎች አቀማመጥ በቁጥር አስረዱ። የዳኝነት ሸንጎው አባላት ሊስማሙ ስላልቻሉ ያለ ውሳኔ ተበተኑ፤ ድልድዩም እንደቆመ ቀረ።

ሊንከን በ1861 ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ስታንተን ከሚነቅፏቸው ሰዎች አንዱ ነበሩ። ቢሆንም በጃንዋሪ 1862 የጦር ሚኒስትርነቱን ሥልጣን የሰጡት ለእኚሁ ሰው ነው። በሲንሲናቲው ክርክር የማኒን መከላከያ ያስተባበሩት ፒተር ዋትሰንም የስታንተን ረዳት ሆነው በዚያው መሥሪያ ቤት አገለገሉ።