ኮራዲኖ ዳስካኒዮ፦ ከሄሊኮፕተር ንድፍ እስከ ባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በአምባ ጊዮርጊስ፣ እንደ ሌሎቹ የወገራና የሰሜን ከተሞች ሁሉ፣ ባጃጅ የዘወትር መጓጓዣ ሆኗል። ተሽከርካሪው በሕንዳዊው አምራች ስም ቢጠራም የአሠራሩ መሠረት የተጣለው በኢጣልያ ነው። የሞተር ብስክሌትን ሞተር በአነስተኛ መኪና ሆድ ውስጥ ማስገባት ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ብዙዎች የሞከሩት ጉዳይ ነው። ለዚህ ጉዳይ በዓለም ላይ እጅግ የተስፋፋውን መፍትሔ ያስገኘው ግን ሞተር ብስክሌትን የማይወድና ልቡ በሄሊኮፕተር ላይ የነበረ መሐንዲስ፣ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ነበር። ይህ የሆነው በአጋጣሚ አለመሆኑን የሕይወት ታሪኩ ያስረዳል።

ዳስካኒዮ እ.ኤ.አ. በ1891 በአብሩዞ አውራጃ፣ ፖፖሊ በምትባል ከተማ ተወለደ። በ1914 ከቶሪኖ የፖሊቴክኒክ ተቋም በሜካኒካል ምህንድስና ተመረቀ፤ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣም በኢጣልያ አየር ክፍል አገለገለ። ከጦርነቱ ፍጻሜ አካባቢ ለአጭር ጊዜ በአሜሪካ ሠርቶ ወደ ትውልድ አገሩ ተመለሰ። በ1925 ከባሮን ፒየትሮ ትሮያኒ ጋር ሽርክና መሥርቶ ቀጥ ብሎ የሚነሣ አውሮፕላን መንደፍ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሙከራዎች አልተሳኩም። ሦስተኛው፣ በአንድ ምሰሶ ላይ ተደራርበው በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሽከረከሩ ሁለት መዘውሮች የነበሩት ሄሊኮፕተር፣ በጥቅምት 1930 በሮም አቅራቢያ በቻምፒኖ አየር ማረፊያ በአብራሪው በማሪኔሎ ኔሊ እጅ ተነሣ። 18 ሜትር ከፍታ ደረሰ፤ በሌላ በረራ 8 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ በአየር ላይ ቆየ፤ 1078 ሜትርም በቀጥታ ተጓዘ። ሦስቱም በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን ሆነው ተመዘገቡ። ክብሩ ግን ገንዘብ አላመጣም፤ ሽርክናው ፈረሰ፤ ዳስካኒዮም በ1932 በፒያጂዮ ኩባንያ ተቀጠረ።

የዚህ ኩባንያ ስም በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ የሚነሣው ከባጃጅ በፊት ነው። ፒያጂዮ በዚያን ጊዜ በአውሮፕላንና በአውሮፕላን ሞተር ሥራ የታወቀ ነበር። ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ለቦምብ ድብደባና ለማጓጓዣ የተጠቀመችበት ካፕሮኒ 133 የተባለው አውሮፕላን የሚበረው በሦስት የፒያጂዮ ስቴላ ሞተሮች ነበር። ጎንደር መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በወራሪው እጅ ገባች፤ እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ድረስም የኢጣልያ ጦር የመጨረሻ ምሽግ ሆና ቆየች። እነዚያን ሞተሮች የነደፈው ዳስካኒዮ አይደለም። የእሱ ድርሻ የፕሮፔለር ቅጠሎች ዘንበልታቸውን በበረራ ላይ እንዲለዋውጡ የሚያስችለው ሥርዓት ነበር። ይሁን እንጂ ደመወዙንም ዝናውንም ያገኘው ለጦርነት ከሚያመርት ድርጅት ነውና፣ የቬስፓን ታሪክ ከ1945 በኋላ ብቻ እንደ ጀመረ አድርጎ መተረክ ለኢትዮጵያዊ ተመራማሪ የሚበቃ አይደለም።

ጦርነቱ ሲያበቃ በፖንቴዴራ የነበረው ፋብሪካ በቦምብ ፈራርሶ ነበር፤ አውሮፕላን የሚገዛም የለም። የኩባንያው ባለቤት ኤንሪኮ ፒያጂዮ ሕዝቡ በርካሽ የሚገዛው መጓጓዣ እንዲሠራ ወሰነ። የመጀመሪያውን ናሙና ሬንዞ ስፖልቲ ሠራ፤ ባለቤቱ ግን አልወደደውም፤ ሥራውንም ለዳስካኒዮ ሰጠው። ዳስካኒዮ የሞተር ብስክሌት ልምድ አልነበረውም፤ ያሉትንም ይነቅፍ ነበር። ለመውጣት እግርን ማንሣት ግድ ነው፤ ካቴናው ዘይት ይረጫል፤ ልብስ ያቆሽሻል፤ ጎማ በመንገድ ላይ ሲፈነዳ መቀየሩ ጭንቅ ነው። ስለዚህ ሞተር ብስክሌትን ከማሻሻል ይልቅ አውሮፕላን እንደሚነድፍ ሰው ሥራውን ከባዶ ጀመረ። በቱቦ አጥንት ፋንታ ክብደቱን ራሱ የሚሸከም የተጨመቀ ላሜራ አደረገ። የፊቱን ጎማ እንደ አውሮፕላን ማረፊያ እግር በአንድ ጎን ብቻ በሚይዝ ክንድ ላይ ሰቀለ። ማርሹን በግራ እጀታ ላይ አስቀመጠ፤ ነጂው ለመለወጥ እጁን ከመሪው ማንሣት አያስፈልገውም። ሞተሩን፣ ፍሪሲዮኑንና ካምቢዮውን አንድ አካል አድርጎ ከኋላው ጎማ ጎን በማስቀመጥ ካቴናን አስቀረ። ባለ 98 ሲሲ የሆነው ቬስፓ የፈጠራ መብቱ በሚያዝያ 1946 ተመዘገበ።

ለአነስተኛ መኪና የተረፈው ጥቅም የሚገኘው በዚህ የመጨረሻ ውሳኔ ላይ ነው። የሞተር ብስክሌት ሞተር በተለምዶ የሚቀዘቅዘው በጉዞ ላይ በሚነፍሰው ነፋስ ነው፤ በሽፋን ውስጥ ሲገባ፣ ይልቁንም ጭኖ በዝግታ ዳገት ሲወጣ፣ ይግላል። እንግሊዛዊው ኤች ኤፍ ኤስ ሞርጋን ከ1910 ጀምሮ ለገበያ ባቀረባቸው ባለ ሦስት ጎማ መኪኖች ችግሩን ያለፈው የሞተር ብስክሌቱን ሞተር ከአፍንጫው ላይ፣ ለነፋስ አጋልጦ በማስቀመጥ ነበር። መፍትሔው ለፈጣን ሽርሽር ያገለግላል፤ ለከተማ ጭነት ግን አይመችም። በቬስፓ ሞተሩ ቀድሞውኑ በላሜራ የተሸፈነ ስለ ነበር ለገበያ የቀረበው ሞተር ከዘንጉ ጋር የሚዞር ማራገቢያ ተገጥሞለት አየር በግድ ይነፋበታል። ቆሞም፣ በዝግታ እየሄደም ይቀዘቅዛል። ራሱን የቻለ፣ ከጉዞ ነፋስ ነጻ የሆነ አንድ አካል ስለ ሆነም ወደ ሌላ ተሽከርካሪ ሊዛወር ይችላል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1948፣ የተደረገው ይኸው ነው። ከፊት ቬስፓ፣ ከኋላ ሁለት ጎማና የጭነት ሣጥን ያለው አፔ ወጣ። ባለ 125 ሲሲ ሲሆን 200 ኪሎ ግራም ያህል ይጭናል። ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች በጥምዝ ላይ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ዲፈረንሻል ተጨመረለት። ሞተር ብስክሌት የማያውቀው ክፍል ይህ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ካሚዮን የመግዛት አቅም ያልነበረው የኢጣልያ አትክልት ነጋዴና ዳቦ ጋጋሪ አፔን ሥራዬ ብሎ ያዘው።

ኩባንያው ከዚህ አልፎ እውነተኛ መኪናም ሞክሯል። ዳስካኒዮ የነደፈው ቬስፓ 400 በ1957 በፈረንሳይ ተመረተ፤ ከኋላ የተቀመጠ፣ ሁለት ፒስቶንና 393 ሲሲ ያለው ባለ ሁለት ምት ሞተር ነበረው። በዚያው ዓመት ፊያት 500 ገበያ ላይ ወጣ። ቬስፓ 400 በ1961 ምርቱ ቆመ። ባለ አራት ጎማው መኪና ወድቆ ባለ ሦስት ጎማው የተረፈበት ምክንያት ግልጽ ይመስላል፤ አንዱ ከመኪና ጋር ይወዳደር ነበር፣ ሌላው ከጋሪ ጋር።

ባጃጅ አውቶ በ1960 አካባቢ በፒያጂዮ ፈቃድ በሕንድ ቬስፓና ባለ ሦስት ጎማ ማምረት ጀመረ፤ ውሉ በ1971 ካበቃ በኋላም በራሱ ስም ቀጠለ። በኢትዮጵያ ከተሞች የሚታየው ባጃጅ ሞተሩ ወደ ባለ አራት ምት፣ መጠኑም ወደ 200 ሲሲ ገደማ ተለውጧል። በግራ እጀታ የሚጠመዘዘው ማርሽ፣ ከኋላ የተቀመጠው ሞተርና ማራገቢያው ግን የዳስካኒዮ ውርስ ናቸው። ሹፌሩ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ካቴና፣ ቸርኬ እያለ የሚጠራቸው ቃላት ደግሞ ከኢጣልያንኛ በቀጥታ፣ ከወረራው ዘመን ጋራዥና ከመንገድ ሥራ ጋር በተያያዘ ወደ አማርኛ የገቡ ናቸው። ስለዚህ ማሽኑ በሕንድ በኩል ዞሮ ሲመጣ የክፍሎቹ ስም አስቀድሞ ይጠብቀው ነበር።

ንድፉ በደጋ አገር የሚገጥመው ፈተና ራሱን የቻለ ጥናት ይሻል። ፖንቴዴራ ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ አትልም፤ አምባ ጊዮርጊስ ግን ወደ 3000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይሳሳል። ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር ስለሚቀንስ ጉልበቱ በዚያው መጠን ይጎድላል፤ ማራገቢያው የሚነፋው አየርም ስለሚሳሳ የማቀዝቀዝ አቅሙ ይቀንሳል። ሰው የሞላው ባጃጅ በዳገት ላይ በአንደኛ ማርሽ ሲያቃስት የሚሰማው የሁለቱ ጉድለት ድምር ነው። የዳስካኒዮ መፍትሔ ነፋስ በማይበቃበት ቦታ ማራገቢያን ተክቷል፤ አየሩ ራሱ በሚሳሳበት ቦታ ግን ማራገቢያም ወሰን አለው።

ዳስካኒዮ በፒዛ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተማረ። በቬስፓ ዝና ያገኘው ሰው ሄሊኮፕተሩን አልተወም፤ በፒያጂዮ ሳለ ሌሎች ናሙናዎችን ሠራ፣ ከኩባንያው ከወጣ በኋላም በ1960ዎቹ ለአጉስታ ኩባንያ ቀላል የማሠልጠኛ ሄሊኮፕተር ነደፈ። አንዱም ለምርት አልበቃም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 1981 በ90 ዓመቱ በፒዛ አረፈ።