ኮንስታንቲኖስ ካናሪስ

ኮንስታንቲኖስ ካናሪስ (1790 ገደማ – 1877 እ.ኤ.አ.) በግሪክ የነፃነት ጦርነት ጊዜ በእሳት መርከብ ውጊያ ስሙ የገነነ የባሕር አዛዥ፣ በኋላም አድሚራልና የግሪክ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር። የተወለደው በኤጂያን ባሕር በምትገኘው ፕሳራ በተባለች ትንሽ ደሴት ሲሆን ከጦርነቱ በፊት በንግድ መርከቦች ላይ ይሠራ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1821 ጦርነቱ ሲጀመር ግሪኮች መደበኛ የባሕር ኃይል አልነበራቸውም። የሃይድራ፣ የስፔትሴስና የፕሳራ ነጋዴዎች መርከቦቻቸውን አስታጥቀው ዘመቱ፤ ሆኖም ብዙ መድፍ የጫኑትን ግዙፍ የኦቶማን መርከቦች ፊት ለፊት መግጠም አይችሉም ነበር። መፍትሔ የሆናቸው የእሳት መርከብ ነው። አንድ አሮጌ መርከብ በባሩድ፣ በድኝና በዝፍት ይሞላና ጥቂት ሰዎች እየነዱት ሌሊት ወደ ጠላት መርከብ ያስጠጉታል። ሁለቱ መርከቦች እንደተያያዙ መርከበኞቹ ከኋላ ወደምትጎተት ጀልባ ይወርዳሉ፣ እሳቱም ይለኮሳል። ነፋሱ ከተለወጠ ወይም ጀልባዋ ከተመታች መመለስ የለም። በዚህ ሥራ ላይ ሰው በትእዛዝ ብቻ አይሰማራም፤ ካናሪስን ተሰሚ ያደረገውም ማዕረጉ ሳይሆን ራሱ በመርከቡ ላይ መገኘቱ ነው።

በ1822 የኦቶማን ጦር በኪዮስ ደሴት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን ገደለ፣ ለባርነትም ሸጠ። በሰኔ ወር፣ የረመዳን ጾም በሚገባደድበት ሰሞን፣ ካናሪስና የሃይድራው አንድሬያስ ፒፒኖስ በሁለት የእሳት መርከቦች ሌሊት ወደ ኪዮስ ወደብ ገቡ። ፒፒኖስ ያጠቃው መርከብ አመለጠ። ካናሪስ ግን መርከቡን ከአድሚራል ካራ አሊ ፓሻ መርከብ ጋር አጣብቆ ለኮሰው። እሳቱ ባሩድ ቤቱ ሲደርስ መርከቡ ፈነዳ፤ ወደ 2000 የሚጠጉ ሰዎች አለቁ፤ ካራ አሊም ሞተ። ካናሪስ ወደ ፕሳራ ሲመለስ በባዶ እግሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ምስጋና አቀረበ ተብሎ ይተረካል።

ድሉ ዋጋ አስከፍሏል። እስከዚያ ጊዜ የተረፉት የኪዮስ ማስቲካ አምራች መንደሮች ከአድሚራሉ ሞት በኋላ በበቀል ተደመሰሱ። በሌላ በኩል የግሪክ መርከበኞች ትልቁ መርከብ በትንሹ ሊጠፋ እንደሚችል አዩ፤ የኦቶማን አዛዦችም ከዚያ ወዲህ ትንሽ መርከብ ሲጠጋቸው መስጋት ጀመሩ። ከጠፋው መርከብ ይልቅ የተተከለው ፍርሃት ሳይበልጥ አይቀርም። በዚያው ዓመት ኅዳር ካናሪስ በቴኔዶስ አጠገብ ሌላ የጦር መርከብ አቃጠለ።

በ1824 የኦቶማን ጦር ፕሳራን አጠፋ። አገር አልባ የሆነው ካናሪስ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሳሞስ አጠገብ እንደገና ተዋጋ። በ1825 የግብፅን መርከቦች ለማቃጠል እስክንድርያ ወደብ ድረስ ዘልቆ ነበር፤ ነፋሱ ግን ከዳው።

ከነፃነት በኋላ የካፖዲስትሪያስ ደጋፊ ነበር፤ እሱ በ1831 ሲገደል ካናሪስ ወደ ሲሮስ ደሴት ገለል አለ። በኋላ ወደ ፖለቲካ ተመልሶ ደጋግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ በ1862 ንጉሥ ኦቶ ከዙፋን ሲወርድም ከሦስቱ ጊዜያዊ ገዢዎች አንዱ ነበር። በ1877 በሥልጣን ላይ እያለ አረፈ። ልቡ በአቴና ብሔራዊ ታሪክ ሙዚየም ተጠብቆ ይገኛል።