እቴጌ ጥሩወርቅ፦ ልጃቸውን ይዘው ከመቅደላ የወረዱት እናት

ሰሞኑን ማታ ላይ ሪጀንት ፓርክ፣ ዳንዳስ ጎዳና፣ አንዲት ሀበሻ እናት ከትንሽ ልጇ ጋር አደረስኩ። ሁለት ሻንጣ፣ አንድ ፌስታል፣ በቃ። ባሏ ካረፈ ዓመት አልሞላውም። ልጁ መንገዱን ሁሉ ስለ አዲሱ ቤት ሲጠይቃት መጣ። እነሱን አውርጄ ስመለስ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ትዝ አሉኝ። ስለ ልዑል ዓለማየሁ ሁላችንም እናወራለን፣ እናቱን ግን ማን ያነሳል?

ጥሩወርቅ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናቸው፤ ሰሜንንና ትግራይን ይገዙ የነበሩት ውቤ። ቴዎድሮስ በ1855 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ደረስጌ ላይ ውቤን ድል አድርገው አሰሯቸው። እቴጌ ተዋበች ከሞቱ በኋላ ደግሞ የእስረኛውን ልጅ አገቡ። እስቲ አስቡት፣ አባትሽን በሰንሰለት ላሰረ ሰው ሚስት መሆን! ትዳሩ አልሰመረም፣ ንጉሡ ሌላ ሴት ወደዱ። በ1861 ግን ዓለማየሁ ተወለደ።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 በእኛ አቆጣጠር (አሁን የእኛን ነው፣ ይህችን ቀን በፈረንጅ መጥራት አልወድም) የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላን ሰበረ፣ አጼ ቴዎድሮስ እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሰዉ። እቴጌዋ በአንድ ቀን ባልም ዙፋንም አጡ። የቀራቸው ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። እዚያ እንዳይቀመጡ ዙሪያው የቴዎድሮስ ጠላት ነው። ስለዚህ አገራቸውን ከወጋው ጦር ጋር አብረው ወደ ሰሜን አቅጣጫ ተጓዙ። በዚያው መንገድ የመቅደላ ዕቃ በ15 ዝሆንና በ200 በቅሎ ገደማ ተጭኖ ይሄድ ነበር ይባላል። የእቴጌዋ ሐሳብ አባታቸው አገር ገብተው ልጃቸውን ማሳደግ እንደነበር ይነገራል። ስደት ያየ ሰው ይህ ይገባዋል፤ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ዘመድ ያለበትን ነው።

አልደረሱም። ሳንባቸው ታሞ ነበር። ባላቸው ከሞቱ ወር አልፎ ሁለት ቀን ብቻ፣ ግንቦት 8፣ መንገድ ላይ አረፉ። መቀሌ አጠገብ ጨለቆት ተቀበሩ።

ልጁን እንግሊዞች ይዘውት ሄዱ። ካፒቴን ስፒዲ አሳደገው፣ ንግሥት ቪክቶሪያም አየችው፣ በትልልቅ ትምህርት ቤት አለፈ፤ ግን አልተመቸውም። በ1879፣ በ18 ዓመቱ፣ ሊድስ ከተማ ሞተ። ዊንዘር ነው የተቀበረው።

የጥሩወርቅ እናት ወይዘሮ ላቂያዬ ልጃቸውን ቀብረው፣ ለልጅ ልጃቸውና ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። አጽሙ ይመለስ የሚለውን ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ በ2023 እንደገና አልቀበልም አለ። በዚያው ዓመት ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ የተመለሰው ከራሱ የተቆረጠ አንድ ዘለላ ጸጉር ነው።