ጆን ቡንያን፦ የጀግና ፈረሰኞችን ተረት ይወድ የነበረው ድስት ጠጋኝ

ክርስቲያን ተረት ወይም ልብ ወለድ ቢያነብ ጊዜውን ማባከኑ ነውን? ራሱ ቢጽፍስ ይበድላልን? ውድ አንባቢ ሆይ፤ ይህን ጥያቄ እናንተም ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ከብዙ ዘመን በፊት በ17ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር የነበሩ አማኞችም ተከራክረውበታል። በክርክሩ መካከል የቆመው ሰው ጆን ቡንያን ይባላል። በወጣትነቱ የጀግና ፈረሰኞችን ተረት የወደደ፣ ጌታን ካገኘ በኋላ በዚያ ንባቡ ያፈረ፣ በመጨረሻ ግን ያንኑ የአተራረክ ስልት ለወንጌል አገልግሎት ያዋለ ሰው ነው። ዛሬ ሕይወቱን አብረን እንመልከት። ዘመኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የቀጥቃጩ ልጅ

ቡንያን በ1628 በቤድፎርድ ከተማ አጠገብ በምትገኘው በኤልስቶው መንደር ተወለደ። አባቱ ቶማስ የተበሳ ድስትና ማንቆርቆሪያ የሚጠግን ቀጥቃጭ ነበር። በእኛ አገር ብረት ቀጥቃጭ ሲናቅ እንደ ኖረ ሁሉ በዚያም ሙያው የሚያስከብር አልነበረም። ወላጆቹ ግን ድህነታቸው ሳያግዳቸው ልጃቸው ማንበብና መጻፍ እንዲማር ትምህርት ቤት ላኩት። ቡንያን የተማረውን አብዛኛውን ብዙም ሳይቆይ እንደ ረሳው በኋላ ጽፏል። አድጎም የአባቱን ሙያ ያዘ።

ሆኖም ማንበብ የሚወድደው አንድ ነገር ነበር። በዚያን ዘመን አዟሪዎች ተሸክመው በየመንደሩ የሚሸጧቸው ርካሽ ትንንሽ መጻሕፍት ነበሩ። ብዙዎቹ የሚናገሩት እንግሊዞች ናይት ስለሚሏቸው ፈረሰኞች ነው። ናይት ማለት ብረት ለብሶ፣ ሰይፍና ጋሻ ይዞ በፈረስ የሚዋጋ ባለ ማዕረግ ወታደር ነው። የፈረሰኞቹ ሥርዓት ለጌታ መታመንን፣ ቃልን መጠበቅንና ደካማን መርዳትን ያዝዝ ነበር። በእውነተኛው ታሪክ ብዙዎቹ ይህን ሥርዓት አልጠበቁም፤ በተረቱ ውስጥ ግን ጀግናው ከቤቱ ወጥቶ ሩቅ መንገድ ይሄዳል፣ ግዙፍ ሰው ይገጥመዋል፣ በግንብ ውስጥ ይታሰራል፣ ዘንዶ ይገድላል፣ በመጨረሻም በክብር ይገባል።

ለእንዲህ ያለ ታሪክ እንግሊዞች የቆየ ፍቅር አላቸው። ሰር ቶማስ ማሎሪ የንጉሥ አርተርንና የፈረሰኞቹን ታሪክ ሰብስቦ የጻፈው መጽሐፍ በ1485 በዊልያም ካክስተን ማተሚያ ቤት ታተመ። ማሎሪም ሲጽፍ እስረኛ ነበረ። በ1590 ደግሞ ኤድመንድ ስፔንሰር ቀይ መስቀል የለበሰ ፈረሰኛ ከዘንዶ ጋር ሲዋጋ በረጅም ግጥም አቀረበ። እነዚህ ትልልቅ መጻሕፍት ለተማረና ገንዘብ ላለው ሰው ናቸው። ለድስት ጠጋኝ ልጅ የሚደርሱት አጫጭሮቹና ርካሾቹ ነበሩ።

ከእነዚህ አንዱ የሳውዝሃምፕተኑ ቤቪስ ታሪክ ነው። የቤቪስ እናት አባቱን አስገድላ እርሱን ለባዕድ ሰዎች ታሸጠዋለች። እርሱም አድጎ አሩንደል በሚባል ፈረሱ ይዋጋል፣ ለዓመታት በጨለማ ጉድጓድ ይታሰራል፣ ከግዙፍ ሰውና ከዘንዶ ጋር ይገጥማል። ሌላው የጊዮርጊስ ታሪክ ነው። እኛ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ደራጎኑን ሲወጋ በሥዕል የምናውቀው ቅዱስ ጊዮርጊስ በእንግሊዞችም ዘንድ የአገር ጠባቂ ተብሎ ይተረክለታል።

ሐዘን፣ ውትድርናና መለወጥ

በ1644 የቡንያን እናት ሞተች። በሚቀጥለው ወር እኅቱ ተከተለቻት፤ አባቱም ወዲያው ሌላ ሚስት አገባ። በዚያው ዓመት ቡንያን 16 ዓመት ሲሆነው በእርስ በርሱ ጦርነት ከንጉሡ በተቃራኒ ለተሰለፈው ለፓርላማው ጦር ተመለመለ። አንድ ጊዜ ለግዳጅ ሊሄድ ሲዘጋጅ ሌላ ወታደር በፈቃዱ ተተካለት፤ ያ ወታደር በዘብ ላይ ቆሞ ሳለ በጥይት ራሱን ተመትቶ ሞተ። ውድ አንባቢ፤ በተረት ውስጥ ጀግናው ሁልጊዜ ይተርፋል። ቡንያን ግን የተረፈው ሌላ ሰው ስለ ሞተ እንጂ ጀግና ስለ ነበረ አይደለም። ይህን እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ አልረሳውም።

ከጦሩ ተመልሶ አገባ። ድስትም ማንኪያም የሌላቸው ድሆች ነበሩ። ሚስቱ ከአባትዋ ያገኘችው ውርስ ሁለት መንፈሳውያን መጻሕፍት ብቻ ነበር። የመጀመሪያ ልጃቸው ሜሪ ዓይነ ስውር ሆና ተወለደች። ቡንያን ሁለቱን መጻሕፍት ማንበብ ጀመረ፤ መሳደቡንና ጨዋታውን እየተወ ሃይማኖተኛ ለመሆን ጣረ፤ ሰላም ግን አላገኘም። አንድ ቀን በቤድፎርድ ለሥራ ሲዘዋወር ሦስት ወይም አራት ድሆች ሴቶች በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ስለ አዲስ ልደት ሲነጋገሩ ሰማ። እርሱ በቃል ብቻ የሚያውቀውን እነርሱ በሕይወታቸው ያውቁት ነበር። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በጥርጥርና በፍርሃት ተናወጠ። በመጨረሻ ጽድቁ በክርስቶስ እንጂ በራሱ እንዳይደለ ተረድቶ ዐረፈ፤ ወደዚያች ትንሽ ጉባኤ ተቀላቀለ፤ መስበክም ጀመረ።

በዚህ ጊዜ የቀድሞ ንባቡን እንዴት ተመለከተው? በ1658 ስለ ባለጠጋውና ስለ አልዓዛር (ሉቃ 16፡19-31) አንድ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ ውስጥ በሥቃይ ያለችው ነፍስ ቅዱሳት መጻሕፍትን ንቃ የቤቪስንና የጊዮርጊስን ታሪክ መውደዷን በጸጸት ትናገራለች። ብዙዎች ይህን የራሱ የቡንያን ኑዛዜ አድርገው ይወስዱታል። ጉዳዩ በዚህ ያበቃ ይመስል ነበር፤ ግን አላበቃም።

አሥራ ሁለት ዓመት በእስር

በ1660 ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ወደ ዙፋኑ ተመለሰ። ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ውጭ መሰብሰብ እንደገና ያስቀጣ ጀመር። በኅዳር ወር ቡንያን በአንድ የገጠር ቤት ሊሰብክ ሲል ተያዘ። እንደሚይዙት አስቀድሞ ሰምቶ ነበር፤ ለማምለጥም ጊዜ ነበረው። እርሱ ቢሸሽ ግን አዳዲሶቹ አማኞች ይደነግጣሉ ብሎ ቀረ።

ከእስር ለመውጣት የሚፈለግበት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ ዳግመኛ አልሰብክም ማለት። ይህን ቃል አልሰጥም በማለቱ ከ1660 እስከ 1672 በቤድፎርድ ወኅኒ ኖረ። የመጀመሪያ ሚስቱ ቀደም ሲል ሞታ ስለ ነበር በቤት የቀረችው ሁለተኛ ሚስቱ ኤልሳቤጥ ነበረች። ወጣት ሳለች የአራት እንጀራ ልጆች እናት ሆነች፤ በመታሰሩ ድንጋጤም የፀነሰችውን ልጅ አጣች። በ1661 ግን ተነሥታ በዳኞች ፊት ቆመች። ከዳኞቹ አንዱ ማቲው ሄል በርኅራኄ ቢሰማትም ባሏን ሊያስፈታላት አልቻለም። ብረት የለበሰ ፈረሰኛ በዚያ አዳራሽ አልነበረም፤ ለባሏ የቆመችው ድሀዋ የድስት ጠጋኝ ሚስት ነበረች።

ቡንያን ቤተሰቡን ለመርዳት በወኅኒ ሆኖ የጫማና የልብስ ማሰሪያ ክሮች ጫፍ ላይ ብረት እየገጠመ በብዙ መቶዎች ይሸጥ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የዓይነ ስውሯ ልጁ የሜሪ ነገር ነበር። ከሚስቱና ከልጆቹ መለየት ሥጋን ከአጥንት እንደ መለየት ሆነበት። ከእርሱ ጋር መጽሐፍ ቅዱስና የጆን ፎክስ የሰማዕታት መጽሐፍ ነበሩ። በ1666 የራሱን ምስክርነት ጽፎ አሳተመ።

ተረቱ ተመልሶ መጣ

ታላቁን መጽሐፉን አብዛኛውን በእስር ሳለ እንደ ጻፈው ይታመናል። ስለ ክርስትና ኑሮ ሌላ መጽሐፍ ሲጽፍ ሳያስበው ነገሩ በምሳሌ ይመጣለት ጀመር። መጀመሪያ ሃያ ያህል ሐሳብ መጣለት፤ ወዲያው ሌላ ሃያ ተከተለ። ለራሱ ደስታ ጻፈውና ለወዳጆቹ አሳያቸው። እነርሱም ለሁለት ተከፈሉ፤ አንዳንዶቹ አሳትመው አሉ፣ ሌሎቹ ተው አሉ። ቡንያን በመግቢያው በግጥም መለሰላቸው። ነቢያት በጥላና በምሳሌ ተናግረዋል፤ ጌታም ራሱ በምሳሌ አስተምሯል፤ ስለዚህ እውነት የምሳሌ ልብስ ብትለብስ እውነትነቷን አታጣም የሚል ነበር ሐሳቡ። በ1678 «የመንገደኛው ጉዞ» ታተመ። በሕይወቱ ሳለ ከአሥር ጊዜ በላይ ተደጋግሞ ታትሟል።

ውድ አንባቢ፤ መጽሐፉን ስትከፍቱ የቤቪስና የጊዮርጊስ ዓለም ይታያችኋል። ረጅም መንገድ፣ ግንብ፣ ግዙፍ ሰው፣ ዘንዶ የሚመስል ጠላት ሁሉም አለ። ነገር ግን ጀግናው ተለውጧል። ክርስቲያን የሚባለው ይህ ሰው ባለ ማዕረግ አይደለም፤ ፈረስም የለውም። ቡቱቶ ለብሶ፣ በጀርባው ሸክም ተጭኖበት፣ እያለቀሰ ይነሣል። ሸክሙ የሚወድቀው በመስቀሉ ፊት እንጂ በጉልበቱ አይደለም። የጦር ዕቃውንም አልወረሰውም፤ በመንገድ ላይ ባለ ቤት በስጦታ አለበሱት (ኤፌ 6፡10-18)።

በሸለቆው አጶልዮን (ራእ 9፡11) ይገጥመዋል። ቅርፊቱ እንደ ዓሣ፣ ክንፉ እንደ ዘንዶ፣ አፉ እንደ አንበሳ ነው። የመጀመሪያው ክርክር የፈረሰኞች ክርክር ነው፤ አገልጋይነትህ ለማን ነው የሚል። ክርስቲያን ለመሸሽ ያስባል፤ ግን የተሰጠው ጥሩር ለጀርባ መሸፈኛ የለውም። ስለዚህ ይቆማል። ከግማሽ ቀን በላይ ይዋጋል፤ ይቆስላል፤ ሰይፉም ከእጁ ይወድቃል። ሊሞት ሲል ሰይፉን መልሶ ያገኛል፤ ጠላቱም ይሸሻል።

ከዚያ በኋላ ግን ሰይፍ የማይፈታው ነገር ይመጣል። ክርስቲያንና ባልንጀራው ከመንገድ ስተው ተስፋ መቁረጥ በሚባል ግዙፍ ሰው ይያዛሉ። የጥርጥር ግንብ በሚባለው ቦታ ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ ያለ እንጀራና ያለ ውኃ ይታሰራሉ፤ ይደበደባሉ፤ ራሳቸውን እንዲያጠፉም ይመከራሉ። የሚያመልጡት ተዋግተው አይደለም። ከጸለዩ በኋላ ክርስቲያን ከመጀመሪያው ጀምሮ በብብቱ ይዞት የነበረውን ቁልፍ ያስታውሳል፤ የቁልፉም ስም የተስፋ ቃል ነው። ለዓመታት የተጠራጠረ፣ ለዓመታትም የታሰረ ሰው ብቻ እንዲህ ሊጽፍ ይችላል።

ለደካማው የሚዋጋ ጀግና

ሁለተኛው ክፍል በ1684 ወጣ። በዚህ ጊዜ መንገደኞቹ የክርስቲያን ሚስትና ልጆቹ ናቸው። የሚመራቸው ልበ ሙሉ የሚባል እውነተኛ ጦረኛ ነው፤ ግዙፎቹን አንድ በአንድ ይገድላል፤ ያንን የጥርጥር ግንብም ያፈርሳል። በክፍሉ ውስጥ ልብ የሚነካው ግን ሌላ ነው። ከመንገደኞቹ አንዱ እኔ ደካማ ነኝ፣ አዘገያችኋለሁ፣ ትታችሁኝ ሂዱ ይላል። ልበ ሙሉ አይተወውም፤ የተላከው ለደካሞች ነውና ይጠብቀዋል፤ እርምጃውንም ከእርሱ ጋር ያስተካክላል። ግንቡ ሲፈርስ ከውስጡ የወጣችው ፈሪ ልጅና በምርኩዝ የሚሄደው አንካሳ እጅ ለእጅ ተያይዘው በመንገዱ ላይ ይጨፍራሉ። ፈረሰኞች በሥርዓታቸው የተናገሩትና ብዙ ጊዜ ያልፈጸሙት ነገር፣ ጉልበት ለደካማ መሰጠቱ፣ እዚህ ተፈጸመ።

ቡንያን ራሱም በዚያው መንገድ ሞተ። በ1688 የተጣሉ አባትና ልጅ ለማስታረቅ ወደ ሬዲንግ በፈረስ ሄደ። አስታርቆ ወደ ለንደን ሲመለስ ከባድ ዝናብ መታው፤ ትኩሳት ያዘው፤ በነሐሴ 31 ቀን በወዳጁ ቤት ዐረፈ። የመጨረሻው የፈረስ ጉዞው ለዕርቅ ነበር። መቃብሩ በለንደን በንሂል ፊልድስ በሚባለው ስፍራ ይገኛል።

መጽሐፉ ከ200 በላይ ወደሚሆኑ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። ወደ አማርኛ ገብረ ጊዮርጊስ ተርፌ ተርጉመውት በ1892 ታትሟል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ያሳተሙት «ወዳጄ ልቤ» የዚህን መጽሐፍ ፈለግ የተከተለ ነው። የአማርኛ ልብ ወለድ ገና ሲጀምር የቤድፎርዱ እስረኛ ድርሻ ነበረው ማለት ነው።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። ቡንያን ቅዱሱን ቃል ንቆ ተረትን መውደዱን ኃጢአት አለው፤ በዚህም አልተሳሳተም። ነገር ግን ያነበበው ሁሉ በከንቱ አልቀረም። ጌታ ያንን ወስዶ፣ ትዕቢቱን አራግፎ፣ በእስር ቤት ለሚማቅቅ ሰው መጽናኛ አደረገው። እናንተም ጌታን ከማወቃችሁ በፊት የተማራችሁት፣ ያነበባችሁት፣ የሰማችሁት ነገር ይኖራል። አታምልኩት፤ አትቅበሩትም። ለጌታ ስጡት። ልጆቻችሁም ተረት ንገሩን ብለው ሲለምኑአችሁ አትቆጡአቸው፤ ጀርባው ያልተሸፈነውንና ያልሸሸውን የዚያን ድሀ መንገደኛ ታሪክ ንገሩአቸው።

ጌታ ይባርካችሁ።